ለኤሌክትሪክ ጊታርና ለሮክ የሚሆን ሄድፎን፦ ጥያቄና መልስ

ሄድፎን ልትገዙ ያሰባችሁም፣ ገዝታችሁ ድምፁ ያልጣማችሁም ጠይቁ። ስትጠይቁ ከምን ላይ እንደምትሰኩት፣ የት ሆናችሁ እንደምታዳምጡና አሁን ባላችሁ ላይ ምኑ እንዳስቸገራችሁ ጨምሩበት። «ምርጡ የቱ ነው?» ብቻ ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው «ለሮክ ቤዙ ከባድ የሆነ ግዛ» ይለኛል። ልክ ነው?

ሮክ ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ) ይፈልጋል፤ ያበጠ ቤዝ ግን ያበላሸዋል። ጊታሩ የት እንዳለ እንይ። በተለመደው ቅኝት የጊታሩ ወፍራም ክር 82 ኸርዝ (በሰከንድ 82 ንዝረት) ላይ ነው፤ ቀጭኑ ክር ደግሞ 330። ቀጭኑን 24ኛው ፍሬት ላይ ስትይዘው 1,319 ኸርዝ ይደርሳል። ይህ መነሻ ድምፁ ነው። ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው ውጤት) ሲገባበት በላዩ ላይ ብዙ ሃርሞኒክ (ከመነሻው በላይ የሚወጡ ተጨማሪ ድምፆች) ይደረደራል፤ ሆኖም የጊታር አምፕ (ማጉያ) ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን አብዛኛውን አያሳልፍም። ስለዚህ ጊታሩ በሙሉ ከ80 እስከ 5,000 ባለው ውስጥ ይኖራል ማለት ነው፤ መሃሉ ላይ። ድምጻዊውና ስኔሩም (ሹል ድምፅ ያለው ትንሹ ከበሮ) እዚያው ናቸው።

«ቤዙ ከባድ» የሚባሉት ብዙዎቹ ሄድፎኖች የሚያብጡት ከ100 እስከ 250 ኸርዝ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የባስ ጊታሩ አካል፣ የኪኩ (በእግር የሚመታው ከበሮ) የላይኛው ክፍልና የሪትም ጊታሩ ታችኛው ክፍል ይገናኛሉ። ሲያብጥ ሦስቱ አንድ ጭቃ ይሆናሉ። ጥልቀት የምትፈልግ ከሆነ ከፍ ማለት ያለበት ከ100 በታች ያለው ነው፤ የባስ ጊታር ወፍራም ክር 41 ኸርዝ ነውና።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ሁለት ሪትም ጊታር፣ አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ የተቀዳበት፣ ክሮቹን በመዳፍ ጫን አድርጎ ቶሎ ቶሎ የሚመታ ዘፈን ምረጥ። እያንዳንዱን ምት መቁጠር ትችላለህ? የባስ ጊታሩን ዜማ ከኪኩ ለይተህ ማንጎራጎር ትችላለህ? ሁለቱንም ከቻልክ ታችኛው ክፍል ደህና ነው። ከዚያ ሃይ-ሃቱን (ጥንዱን ሲምባል) ስማ። ብረት የሚመስል ከሆነ ጥሩ፤ «ጽጽጽ» እያለ ጆሮህን የሚወጋ ከሆነ ከ6,000 እስከ 9,000 ኸርዝ መካከል ሹል ጫፍ አለው፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ ያደክምሃል።

ጥያቄ፦ ጀርባው ክፍት ወይስ ዝግ?

የሚወስነው ቦታው ነው። ጀርባ ክፍት ሄድፎን ድምፁን ወደ ውጭም ስለሚለቅ አጠገብህ ያለ ሰው ዘፈኑን አብሮህ ይሰማል፤ የውጭውም ጩኸት ይገባብሃል። በዚህ ፈንታ ጊታሮቹ ተለያይተው፣ አየር ኖሯቸው ይሰማሉ። ጀርባ ዝግ ሲሆን ከስኒው ጀርባ የሚመለሰው ድምፅ በደንብ ካልተዋጠ ሚዱን (መሃለኛውን ድምፅ) ያደፈርሳል። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ብቻህን ከሆንክ ክፍቱን ውሰድ። በመንገድ ላይ፣ ሰው ባለበት፣ ወይም ማይክ ፊት ቁጭ ብለህ የምትቀዳ ከሆነ ዝግ ግድ ነው፤ አለዚያ የሜትሮኖሙ (የምት መጠበቂያው) ድምፅ ማይኩ ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ ስም ካልጠራህ አልገባንም።

እሺ። (ኦም ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው መቋቋም ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ።) ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 (ክፍት፣ 300 ኦም፣ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ)፦ ሚዱ ትክክለኛ ነው፤ የጊታርን ቀለም ለመለየት ከዚህ በላይ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ጥልቁ ቤዝ ግን ይሳሳል። ግራዶ ኤስአር 80 (ክፍት፣ ጆሮ ላይ የሚያርፍ)፦ ጊታሩን ፊት ለፊት ያመጣዋል፤ ለሮክ የሚወዱት በዚህ ነው። ሚዛናዊ አይደለም፣ ቤዙ ቀጭን ነው፣ ስፖንጁም ጆሮን ያሳክካል። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ (ክፍት)፦ ቤዙና ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) ከፍ፣ ሚዱ ዝቅ ያለ ነው፤ ሲምባል በበዛበት ሜታል ላይ እኔ አልመክረውም፣ ኢኳላይዘር (የድምፁን ክፍሎች ለየብቻ ከፍ ዝቅ ማድረጊያ) የምትጠቀም ካልሆነ በቀር። የዚሁ ወንድም ዲቲ 770 ፕሮ (ዝግ፣ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም የሚመጣ) ምቹ ነው፤ የትሬብል ሹልነቱ ግን አለበት። ሶኒ ኤምዲአር 7506 (ዝግ፣ 63 ኦም) ስህተትን ያጋልጣል፤ ለመቅዳት ጥሩ፣ ለረጅም ማዳመጥ ደረቅ። ገመዱ ስለማይነቀል ሲበጠስ መበየድ ግድ ነው። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤች ኤም50ኤክስ (ዝግ፣ 38 ኦም) ቤዙ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከስልክም በቀላሉ የሚነዳ፣ ገመዱ የሚቀየር ነው።

ጥያቄ፦ 300 ኦም የሆነውን በስልክ ብሰካው ይሠራል? ኦሙ ከፍ ያለ ድምፁ የተሻለ ነው የሚሉም አሉ።

ኦም የጥራት መለኪያ አይደለም። ምን ያህል ቮልት እንደሚያስፈልግህ የሚነግርህ ከሴንሲቲቪቲ (በ1 ሚሊዋት ስንት ዲሲቤል እንደሚጮህ) ጋር ተደምሮ ነው። በቁጥር እናስላው፤ ሙዚቃው ድንገት ከፍ ሲል 110 ዲሲቤል መድረስ አለበት እንበል።

የመጀመሪያው ሄድፎን 32 ኦም፣ በ1 ሚሊዋት 100 ዲሲቤል። 1 ሚሊዋት በ32 ኦም ላይ 0.18 ቮልት ነው፤ 10 ዲሲቤል ለመጨመር ቮልቱ በ3.16 ይባዛል፣ ወደ 0.57 ይመጣል። ብዙ ስልኮችና የዩኤስቢ ማገናኛዎች ከ0.5 እስከ 1 ቮልት ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ይበቃል።

ሁለተኛው 300 ኦም፣ በ1 ሚሊዋት 97 ዲሲቤል። 1 ሚሊዋት እዚህ 0.55 ቮልት ነው፤ የቀረው 13 ዲሲቤል ቮልቱን በ4.5 ያባዛዋል፣ 2.4 ቮልት ገደማ። ስልኩ አይደርስበትም። ድምፅ አይጠፋም፤ ቮልዩሙ መጨረሻ ላይ ሆኖ መካከለኛ ይሰማል፣ ድሮ በጸጥታ የተቀዳ አልበም ስትከፍት ደግሞ ያንስብሃል። ትንሽ የሄድፎን አምፕ ችግሩን ይፈታዋል።

አምፕ ስትመርጥ የመውጫ ኢምፒዳንሱ (በኦም የሚለካው የራሱ መቋቋም) ከሄድፎኑ ኦም ከስምንት አንድ እጅ አይብለጥ። ለ32 ኦም ከ4 ኦም በታች ማለት ነው። ከበለጠ፣ በተለይ የሄድፎኑ ኢምፒዳንስ ከፍሪኩዌንሲ ፍሪኩዌንሲ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ቤዙ ያብጣል።

ጥያቄ፦ ካርቶኑ ላይ «ከ5 እስከ 40,000 ኸርዝ» ይላል፤ ድራይቨሩም (ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) 50 ሚሊሜትር ነው። ጥሩ ምልክት ነው?

ምንም አይነግርህም። ከዳር እስከ ዳር ስንት ዲሲቤል እንደሚዋዥቅ ካልተጻፈ ቁጥሩ ባዶ ነው። የድራይቨር ስፋትም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ትናንት ደህና የነበረው ሄድፎኔ ዛሬ ድምጻዊውን አጠፋው! ጊታሮቹ ይሰማሉ፣ ዘፋኙ ግን ከሩቅ ዋሻ ውስጥ ያለ ይመስላል። ተበላሸ ማለት ነው?

ሄድፎንሽ አልሞተም፤ የተቋረጠው የጋራ መመለሻው መስመር ነው። ጃኩ ላይ ግራ፣ ቀኝና ለሁለቱም የጋራ የሆነ አንድ መመለሻ አለ። መመለሻው ሲቋረጥ ሁለቱ ድራይቨሮች ተከታትለው በግራና በቀኝ መካከል ይቀራሉ፤ የሚሰሙትም በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ዘፋኙ፣ ባሱ፣ ኪኩና ስኔሩ በሁለቱም በኩል እኩል ስለተቀዱ ይጠፋሉ። ወደ ዳር የተጣሉት ሪትም ጊታሮችና ማስተጋባቱ ይቀራሉ።

እንዲህ አድርጊ። ጃኩን «ቀጭ» እስኪል ግፊው፤ ብዙ ጊዜ የስልኩ መሸፈኛ ወፍራም ሆኖ ግማሽ ሚሊሜትር ከልክሎት ነው። ካልሆነ ጃኩ ስር ያለውን ገመድ በጣትሽ ቀስ ብለሽ አጠፍ አጠፍ አድርጊው፤ ዘፋኙ ብቅ ጥልቅ ካለ የተበጠሰው እዚያ ነው፣ ገመዱ ይቀየራል ወይም ጃኩ ተቆርጦ አዲስ ይበየዳል። ሦስተኛው፣ ገመድሽ ማይክ ያለው፣ ጃኩ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለበት ከሆነ የማይኩን ቁልፍ ተጭነሽ ያዢው። ስትይዢው ድምፁ ሙሉ ከሆነ፣ የገመዱና የመሣሪያው የማይክና የመመለሻ ቦታ ተለዋውጧል፤ ማይክ የሌለው ገመድ ወይም ማለዋወጫ ያስፈልግሻል።

ጥያቄ፦ ሄድፎኑን ጊታሩ ላይ በቀጥታ ብሰካው ምን ይሆናል?

በአንድ ጆሮ፣ በጣም ቀጭን ድምፅ ይሰማል። የጊታሩ መሰኪያ ሞኖ ስለሆነ ሲግናሉ የሚደርሰው የጃኩ ጫፍ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም የግራው ነው። ድምፁ የሚደክመው ደግሞ ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) ራሱ ወደ 8,000 ኦም ስላለውና የአንተ ሄድፎን 32 ስለሆነ ነው፤ ቮልቱ በሁለቱ መካከል ሲከፋፈል ለሄድፎኑ የሚደርሰው ከ250 አንድ እጅ ገደማ ነው። 48 ዲሲቤል ወረደ ማለት ነው።

መሃል የሚገባ ያስፈልጋል፦ የሄድፎን መውጫ ያለው ትንሽ አምፕ፣ ጊታሩ ላይ የሚሰካ የሄድፎን አምፕ፣ ወይም ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ኦዲዮ ኢንተርፌስ። ኢንተርፌስ ላይ «ኢንስትሩመንት» የሚለውን ቁልፍ ተጫን፤ ካልተጫንከው ትሬብሉ ይሞታል። በፍጥነት መጫወት እንዲመች በፈሩን (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያጠራቅመውን የድምፅ ናሙና ብዛት) ወደ 64 ወይም 128 ዝቅ አድርግ (128 ናሙና በሰከንድ 48,000 ሲቀዳ 2.7 ሚሊሰከንድ ነው፤ ደርሶ መልሱ ከዚህ ይበልጣል)። ድምፁ ከተቆራረጠ አንድ ደረጃ ከፍ አድርገው።

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር፦ ካቢኔት ሲሙሌሽኑን (የጊታር ስፒከርን ድምፅ የሚያስመስለውን) ክፈት። የጊታር ስፒከሩ 5,000 ላይ የሚቆርጠውን ሄድፎን አይቆርጠውም፤ ሳይከፈት ዲስቶርሽኑ ቆርቆሮ ውስጥ የታሰረ ንብ ይሆናል። ሰዎች ሄድፎኑን ይወቅሳሉ፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ከአምፑ የስፒከር መውጫ ላይ ግን ሄድፎን በፍጹም አትሰካ። ድራይቨሩን ያቃጥለዋል፤ አምፑ የቲዩብ ከሆነ ደግሞ ስፒከሩ ተነቅሎ ሲሠራ የመውጫ ትራንስፎርመሩም ሊቃጠል ይችላል።

ጥያቄ፦ በብሉቱዝስ መለማመድ ይቻላል?

ለማዳመጥ አዎ፣ ለመጫወት አይሆንም። በተለመደው ኤስቢሲ (የብሉቱዝ የድምፅ መጭመቂያ ዘዴ) ክሩን ከመታህ በኋላ ድምፁ ጆሮህ ጋ የሚደርሰው ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ነው። ከ15 ካለፈ እጅህ ይሳሳታል። በገመድ ተጫወት።

ጥያቄ፦ መነጽር አደርጋለሁ፤ ቤዙ ከሰው ሰው ይለያያል የሚሉኝ ለዚህ ይሆን?

አዎን፣ ለዚህ ነው። ዝግ ሄድፎን ቤዙን የሚጠብቀው ስፖንጁ ጆሮዎን ዙሪያውን ሲዘጋ ነው፤ የመነጽሩ ክንድ ቀዳዳ ይከፍታል፣ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውም ያመልጣል። ዘፈን ከፍተው ስኒዎቹን በሁለት እጅ ጫን ያድርጓቸው፤ ቤዙ ከጨመረ ክፍተት አለ ማለት ነው። ቀጭን ክንድ ያለው መነጽር ወይም ለስላሳና ወፍራም ስፖንጅ ይረዳዎታል። ጀርባ ክፍት የሆነው ላይ ችግሩ ያነሰ ነው። የተሰነጠቀና የተጨማደደ ስፖንጅም ቤዝ ያፈሳል፤ ሲቀይሩ የዚያው ሞዴል ይሁን፣ ከቬሎር ወደ ቆዳ መቀየር ብቻውን ድምፁን ይለውጠዋልና።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ሄድፎን ጆሮ ይወጋል። ኢኳላይዘር ያድነዋል?

አብዛኛውን ጊዜ። ድምፁን ዝቅ አድርገህ ከ2,000 ወደ 10,000 ኸርዝ ቀስ ብሎ የሚወጣ ቶን አጫውት። በድንገት የሚጮህበትን ቁጥር ጻፍ። እዚያ ላይ ኪው (የማጣሪያው ጥበት) 3፣ ቅነሳው 4 ዲሲቤል የሆነ ማጣሪያ አስቀምጥና የምታውቀውን ዘፈን አዳምጥ። ሲምባሉ ከደነዘዘ ቅነሳውን ወደ 2 መልስ። ቤዝ ከፈለግህ ከ100 በታች 3 ዲሲቤል ጨምር፤ ፕሪአምፑን (የኢኳላይዘሩን ጠቅላላ መጠን) ግን በዚያው ልክ ቀንስ፣ ካልቀነስክ ከፍ ያሉት ቦታዎች ይቆረጡና የማትፈልገው ዲስቶርሽን ይመጣል። ስታነጻጽር ሁለቱም እኩል ይጩሁ። የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል።

ጥያቄ፦ «አዲስ ሄድፎን 100 ሰዓት ካልሠራ አይፈታም» የሚሉት እውነት ነው?

የሚፈታው በዋናነት ስፖንጁና የአንተ ጆሮ ነው። መጀመሪያ ቀን ያቆሰለህን ሄድፎን መመለሻ ጊዜው እስኪያልፍ አትጠብቀው።

ጥያቄ፦ በቀኝ በኩል ባስ ሲመታ «ትርርር» ይላል።

ከ30 እስከ 100 ኸርዝ ቶን አጫውትና የሚንቀጠቀጥበትን ለይ። ከዚያ ግራና ቀኙን ገልብጠህ አድርገው። ድምፁ ከሄድፎኑ ጋር ከዞረ ችግሩ እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ድራይቨሩ ላይ የተኛች አንዲት ፀጉር ናት። ስፖንጁን አውልቅ፣ የጨርቅ ሽፋኑን አንሳ፣ በመብራት ተመልከት፣ በወረንጦ አውጣት። አፍህን አስጠግተህ አትንፋ፤ የተጨመቀ አየርም አትጠቀም፣ ስሱን ሜምብሬን ያጥፈዋል።

ጥያቄ፦ ሮክ ጮክ ካላለ አይሰማም። ስንት ድረስ ነው የሚፈቀደው?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዲሲቤል ነው። በየ3 ዲሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 90 ላይ ሲደርስ የሳምንቱ ድርሻህ 4 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ቮልዩሙን ጸጥ ባለ ቦታ አስተካክልና መንገድ ላይ አትንካው። ውጭ ስትወጣ ሁልጊዜ መጨመር የሚያምርህ ከሆነ የሚያስፈልግህ የውጭ ጩኸት የሚከላከል ዝግ ሄድፎን ነው። ሄድፎኑን አውልቀህ ጆሮህ «ጭው» ካለ ደግሞ የዚያን ቀን ሙዚቃ እዚያው ላይ አብቅቷል።