መልስ፦ ዋርድ ያየሁትን ልጽፍ ብዬ እጄ እንቢ አለኝ

ወንድሜ፣ «ሲ-ዋን (የሕክምና ተማሪ ሆስፒታል ገብቶ በሽተኛ ማየት የሚጀምርበት ዓመት) ገብቼ ያየሁትን ልጽፍ ስል የታካሚ ገመና ማውጣት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ፤ ከየትስ ልጀምር?» ላልከው።

መፍራትህ ደግ ነው። ስም መቀየር ብቻ አይበቃም። «ከደጀን የመጡ፣ ሁለት ልጅ በአንድ ሳምንት የቀበሩ አባት» ብለህ ስትጽፍ የደብረ ማርቆስ ሰው ማን እንደሆኑ ወዲያው ያውቃል። አገሩንም፣ ዕድሜውንም፣ ሕመሙንም ቀይር።

እኔ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ሳለሁ ካርድ ላይ «የ60 ዓመት ወንድ፣ 3 ሳምንት የቆየ ሳል» ብዬ ጻፍኩ። ሰውየውን ያስጨነቃቸው ግን ያልተከመረው ጤፋቸውን ዝናብ እንዳይመታው ነበር። ይኼ ካርድ ላይ ቦታ የለውም። አሜሪካ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሪታ ካሮን የተባለች ሐኪም ለዚሁ ብላ ተማሪዎቿን «ትይዩ ካርድ» አስይዛቸዋለች፤ የሆስፒታሉ ካርድ የማይቀበለው እዚያ በተራ ቋንቋ ይጻፍና ለጓደኞች ይነበባል። አንተም ከዚያ ጀምር፣ ግማሽ ገጽም ቢሆን።

እንግሊዝኛውን ተወው። እናት «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ሲሉን እኛ በእንግሊዝኛ «የሆድ ሕመም» ብለን እናሰፍራለን፤ ኀዘናቸው እዚያው ይቀራል። (ዋሸራን የመሰለ የቅኔ አገር ጎጃም ተቀምጠህ ደግሞ ቃል በፈረንጅ አፍ ትፈልጋለህ?)

ራውንድ ላይ (በሽተኞቹን አልጋ ለአልጋ እየዞርን ስናይ) ስላዋረደህ ሲኒየር ሐኪም የምትጽፈውን ግን አንድ ወር አሳድረው። እኔ በንዴት የጻፍኩትን ቆይቼ ሳነበው ከዳር እስከ ዳር እሱ ብቻ ነው፤ አልጋው ላይ የነበረችውን በሽተኛ ጭራሽ ረስቻታለሁ።