የእድሩ አዳራሽ ለከፋው ሰው

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ያለው የእድራችን አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶውን ይውላል። የከፋው ሰው መጥቶ የሚያወራበት ቦታ ልናደርገው አስበናል። ስድስት በጎ ፈቃደኞች ነን፤ ባለሙያ የለንም። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ በሩ ላይ «የአእምሮ ጤና» ብላችሁ አትለጥፉ፤ ሰው ጎረቤት እንዳያየው ፈርቶ ይቀራል። «የቡና ሰዓት» ይበቃል። ሁለታችሁ ቡናውንና በሩን ያዙ፣ ሦስታችሁ አድምጡ፣ አንዱ ተጠባባቂ ይሁን። ለአንድ ሰው ከ40 ደቂቃ አይለፍ፤ አድማጩ ይዝላል።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው በምክር ጥድፊያ ነው። «አይዞሽ፣ ያልፋል» ቶሎ ከመጣ ጨዋታው እዚያው ይቆማል። ሌላው ሐሜት ነው፦ በአንድ ሰፈር ሁሉም ስለሚተዋወቅ፣ የምታውቁት ሰው ሲመጣ ለሌላ አድማጭ አስተላልፉት። ስም አትመዝግቡ። ገንዘብም አታበድሩ (ያ ከተጀመረ አድማጭነቱ አበቃ)።

ጸበል የሚሄደውን አትከራከሩት፤ መድኃኒቱን ግን ሳያቋርጥ ይሂድ። ራሱን ስለማጥፋት ያስባል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በቀጥታ ጠይቁት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥርም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት። ምስጢር መጠበቅ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ቤተሰብ ጠርታችሁ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወዳለ የድንገተኛ ክፍል አብራችሁት ሂዱ።