ለማረፍ ብለሽ ብቻሽን ከተማ ስትሄጂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «በጣም ደክሞኛል፤ የአምስት ቀን ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ ብቻዬን ወደማላውቀው ከተማ ሄጄ ማረፍ እፈልጋለሁ። ምን ምን ልይ? ብቸኝነቱስ አይከብድም?» ነው ያልሽው። ብቻዬን መጓዝ ከጀመርኩ ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ «ምን ምን ልይ» የሚለውን ተዪው። የደከመ ሰው ፕሮግራም ደርድሮ ከሄደ የሥራ ቦታ ቀየረ እንጂ አላረፈም። ለቀኑ አንድ ነገር ብቻ ያዢ፤ እሱም ቢቀር ቅር የማይልሽ ይሁን። ሌላውን ሰዓት ባዶ ተዪው። ብቻ መሄድ ትልቁ ጥቅሙ እኮ ይሄ ነው፤ የምትጠብቂው ሰው የለም፣ የሚያኮርፍሽም የለም። ዛቢነ ዞነንታግና ሻርሎት ፍሪትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ከሥራ ድካም ለማገገም የሚረዱ አራት ነገሮችን ለይተዋል፤ ሐሳብን ከሥራ ማላቀቅ፣ ዘና ማለት፣ አዲስ ነገር መማርና በራስ ጊዜ ላይ ራስ ማዘዝ። የመጨረሻውን በቡድን ጉዞ እምብዛም አታገኚውም። የመጀመሪያው ደግሞ ያለው ስልክሽ ላይ ነው። የሥራ ግሩፖችን ድምፅ መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ዓይን መሄዱን አይተውም። የሥራ ኢሜይሉን ከስልክሽ አጥፊው፣ ስትመለሺ ትጭኚዋለሽ።

ከከተማው ይልቅ ደግሞ ሰፈሩን ነው በደንብ መምረጥ ያለብሽ። እኔ መጀመሪያ የማየው ካርታ ላይ ያለውን አረንጓዴና ሰማያዊ ነው። ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም ሰፊ መናፈሻ በእግር የሚደረስበት ቦታ ካለ እዚያ አካባቢ አልጋ እይዛለሁ፤ ዝነኛው አደባባይ ቢርቀኝም ግድ የለኝም። ሬቸልና ስቲቨን ካፕላን የተባሉት ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ምሁራን ምክንያቱን ጥሩ አድርገው አስረድተውታል። ትኩረታችንን አስገድደን አንድ ነገር ላይ ስናውለው ይደክማል። ውሃና ዛፍ ግን ሳያስገድዱን ዓይናችንን ይይዙታል፤ የደከመው ትኩረት በዚህ መሃል ያገግማል። የመኪና ጡሩምባና የማስታወቂያ ሰሌዳ ግን በግድ ነው የሚጠሩን። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ውሃው ዳር ወይም ዛፉ ሥር ቁጭ በይ። መጽሐፍ ብትይዢም ባታነቢው ችግር የለውም።

ክፍል ስትይዢ ከመንገድ በኩል ያልሆነና ከአሳንሰር የራቀ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ ባይወስድሽ አትደንግጪ፤ «ምን አመጣኝ» ብለሽም ከተማውን አትጥዪው። እ.ኤ.አ. በ2016 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ አዲስ ቦታ በምናድርበት የመጀመሪያ ሌሊት ከአንጎላችን አንዱ ወገን ከሌላው ቀለል ያለ እንቅልፍ እንደሚተኛና ለድምፅ የበለጠ ንቁ እንደሚሆን አይተዋል። ዘብ የቆመ ያህል ነው። ለዚህ ነው ሆቴል መቀያየርን የማልመክረው። አንድ አልጋ ላይ ክረሚ፣ ሁለተኛው ሌሊት ይሻላል። በቀን ብርሃን መድረስም ብዙ ጭንቀት ይቀንሳል።

ሙዚየም የምትወጂ ከሆነ አንድ ሁለት ክፍል አይተሽ ውጪ። «የሙዚየም ድካም» የሚባል ነገር አለ፤ የቦስተን ሥነ ጥበብ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ቤንጃሚን ጊልማን ገና እ.ኤ.አ. በ1916 ነው የጻፈበት። ጎብኚ ዕቃ ለማየት ሲያጎነብስ፣ ሲንጠራራና ቁጢጥ ሲል የሚያሳዩ ፎቶዎች ሁሉ አስነስቷል (ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ ያሳዝናል)። ከመሄድሽ በፊት የሚዘጋበትን ቀን አጣሪ፤ ብዙዎቹ ሰኞ ይዘጋሉ፣ የፓሪሱ ሉቭር ደግሞ ማክሰኞ።

አሁን ወደ ብቸኝነቱ ልምጣ። አልዋሽሽም፣ ይመጣል። ግን ቀኑን ሙሉ አይደለም፤ ሰዓት አለው። አብዛኛውን ጊዜ ሲመሽ፣ ሰው ሁሉ ከሰው ጋር ተቀምጦ ሲበላ ነው የሚደብረው። እኔ ዋናውን ምግብ ምሳ ላይ እበላለሁ፤ በምሳ ሰዓት ብቻውን የሚበላ ሰው ብዙ ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም። ለማታ የተወሰነ ሰዓት ያለው ነገር ያዢ፤ ኮንሰርት፣ ቲያትር፣ ሲኒማ። ጨለማ ውስጥ ሁሉም ብቻውን ነው የሚያየው። ከሰው ጋር ሁለት ቃል መለዋወጥም ከምታስቢው በላይ ይረዳል። ኒኮላስ ኤፕሊና ጁሊያና ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት ቺካጎ ውስጥ ባቡርና አውቶብስ የሚሳፈሩ ሰዎች ከማያውቁት ሰው ጋር እንዲያወሩ አደረጉ። ያወሩት ሰዎች ጉዟቸው ዝም ካሉት የተሻለ ደስ የሚል ሆኖላቸዋል። ሌሎች ሰዎች አስቀድመው ሲጠየቁ ግን የገመቱት ተቃራኒውን ነበር። ስለዚህ መናፈሻ ውስጥ ውሻ ይዛ የተቀመጠችውን ሴትዮ ሰላም በያት። የት እንዳረፍሽ ግን አትንገሪያት። ፎቶም ከቦታው ከለቀቅሽ በኋላ ፖስት አድርጊ፤ አድራሻሽን ቤት ላለ አንድ ሰው ስጪ።

አምስቱንም ቀን እዚያ አትጨርሺ። አራቱን እዚያ፣ አምስተኛውን ቤትሽ አሳልፊ። የዕረፍት ጥቅም ሥራ ላይ ቶሎ እንደሚተን ካጠኑት ብዙዎቹ ይናገራሉ፤ ማታ ገብቶ ጠዋት ቢሮ መገኘት ደግሞ ያባብሰዋል።

እና አንድ የመጨረሻ ነገር። «በጣም ደክሞኛል» ያልሽው ለሳምንታት እንቅልፍ ነስቶሽ፣ የምትወጂውን ነገር ሁሉ አስጠልቶሽ ከሆነ ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት ሐኪም አማክሪ። ከተማው የትም አይሄድም።