የጉድኝት ጉባኤ አዘጋጂ ተብለሽ ለጠየቅሽን እህት

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ስሟን ሳትጠቅስ የለጠፈችው እህት ጥያቄዋ ባጭሩ ይሄ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የአንድ ጉድኝት፣ ማለትም አብረው እንዲሠሩ የተቧደኑ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች፣ ማዕከል በሆነ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ናት። የስድስት ትምህርት ቤት ሠራተኞችን በአንድ ቀን ሰብስበሽ የሙያ ማሻሻያ ጉባኤ አዘጋጂ ተብላለች። አበል የለም፣ ያለው ትንሽ የድጎማ ብር ነው፣ መምህራኑ ደግሞ ገና "ስብሰባ" ሲባሉ ፊታቸው ይጠቁራል። ምን ላድርግ ነው የምትለው። ከታች ብዙ ሰው "አበል ከሌለ ተይው" ብሏታል። እኔ እንደሱ አልልሽም እህቴ፣ ግን ቀላል ነው ብዬም አልሸነግልሽም።

እኔ እዚያው ጎጃም ውስጥ ስንት ዓመት አስተምሬ በኋላ ሱፐርቫይዘር ሆኛለሁ። እንዲህ ያለ ጉባኤ ሦስት ጊዜ አዘጋጅቻለሁ። የመጀመሪያው አፈር በልቷል። ከሱ ልጀምርልሽ፣ ምክንያቱም የተማርኩት ከሱ ነው።

አዳራሽ ለምነን አገኘን፣ ባነር አሠራን፣ ፕሮጀክተር ተዋስን። ጠዋት 2፡30 ይጀመራል ብለን 4 ሰዓት ላይ ተጀመረ፣ የክብር እንግዳው አልደረሱም ነበራ። ከደረሱ በኋላ የመክፈቻ ንግግር፣ ከዚያ ሌላ ንግግር፣ ከዚያ የዓመቱ ዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት በፐርሰንት እየተነበበ ቀጠለ። ሪፖርቱ መሃል ላይ መብራት ሄደ። 140 ሰው ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ሪፖርት በስልክ መብራት ሲነበብ ያዳምጣል። የኋላ ወንበር ላይ የነበሩ መምህራን መስኮቱ ሥር ተጠግተው የፈተና ወረቀት ያርሙ ነበር። አይቻቸው ዝም አልኩ፣ እነሱ እንኳ ሥራ እየሠሩ ነው።

መጨረሻ ላይ አስተያየት ጻፉ ብለን ወረቀት አደልን። ጎጃም ነውና ማንም ፊት ለፊት አልተናገረኝም። አብዛኛው "ጥሩ ነው፣ ይቀጥል" ብሎ ጽፏል። አንዱ ብቻ "ሽሮው በደንብ በስሏል" አለ። እኔ ሞኙ ምሳውን ያመሰገነ መስሎኝ ለምግብ ቤቷ ባለቤት ሄጄ ነገርኳት። ድሮ የቆሎ ተማሪ የነበረ አንድ የአማርኛ መምህር ነው በኋላ እየሳቀ ወርቁን ያወጣልኝ። ከሽሮው በቀር የበሰለ ነገር አላቀረባችሁም ማለቱ ኖሯል።

ያኔ አበል ስላልነበረ ነው የከሸፈው ብዬ ለራሴ ስነግር ነበር። ውሸቴን ነው። ሰዎቹን የጠራኋቸው ቁጭ ብለው እንዲሰሙ ነበር። አንድ መምህር ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ መጥቶ፣ ትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ነገር መልሰሽ ብታነቢለት ምን ይሁን ትያለሽ?

ስለዚህ ቀን ከመቁረጥሽ በፊት፣ አዳራሽም ከመፈለግሽ በፊት፣ ስድስቱንም ትምህርት ቤት ዙሪና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ። እኔ ለሁለተኛው ጉባኤ የጠየቅሁት "በዚህ ወሰነ ትምህርት አስተምራችሁት ልጆቹ ያልገባቸው የቱ ነው?" የሚል ነበር። ስም ሳይጻፍበት፣ በብጣሽ ወረቀት። ስም ካለበት ማንም እውነቱን አይጽፍልሽም። ነገ የሥራ አፈጻጸም ሲሞላ ይወጣብኛል ብሎ ይፈራል፣ ፍርሃቱም ያለ ነገር አይደለም።

ወረቀቶቹን ቤቴ ወስጄ ከባለቤቴ ጋር ምንጣፍ ላይ ዘርግተን ስንለያቸው፣ ከግማሽ በላዩ ሁለት ነገር ላይ ወደቀ። አንዱ የታችኛው ክፍል ንባብ ነው። ልጆቹ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይወርዱታል፣ ከመሃል "ቡ"ን ነጥለሽ ብታሳዪያቸው ግን አያውቋትም። ሁለተኛው ክፍልፋይ ነው። አንድ ስምንተኛ ከአንድ አራተኛ ይበልጣል ይላሉ፣ ስምንት ከአራት ስለሚበልጥ። ሌላው ሁሉ፣ የክፍል ጥበት፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ የደመወዝ ነገር፣ እውነት ነው ግን በአንድ ቀን ጉባኤ የሚፈታ አይደለም። እሱን ለይቼ አስቀመጥኩ። በጉባኤው ቀንም "ይህን ጽፋችኋል፣ ዛሬ አንነካውም፣ ለወረዳ በጽሑፍ እናደርሳለን" ብዬ በግልጽ ተናገርኩ። አድርሻለሁም። ካልተናገርሽው ቀኑን ሙሉ በየመሃሉ ብቅ እያለ ይበላብሻል።

አቅራቢ ስትፈልጊ ከኮሌጅ ምሁር ለማምጣት አትቸኩዪ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም መምህራን ኮሌጅም ቅርብሽ ናቸው፣ ጎበዝ ሰዎች አሏቸው፣ ለሌላ ጊዜ ጥሪያቸው። ለመጀመሪያው ቀን ግን ከራስሽ ጉድኝት ውስጥ ያንን ነገር የቻለችበትን መምህርት ፈልጊ። አለች። ሁሌም አንድ አለች። ችግሩ "እኔ ምን አውቄ" ማለቷ ነው። እኛ ያገኘናት የአንደኛ ክፍል መምህርት ሦስት ጊዜ እንቢ ብላኝ በአራተኛው በእናቷ በኩል አስለምኜ ነው እሺ ያለችው።

ንግግር አላደረገችም። 12 ልጆች ይዛ መጣች። የብስኩት ካርቶን ቆርጣ ፊደሎቹን ጽፋባቸዋለች፣ ቅደም ተከተላቸውን በትናቸዋለች፣ ልጆቹም ከአዳራሹ መሃል ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው እንደ ካርታ ጨዋታ እየጎተቱ ቃል ይሠራሉ። 40 ደቂቃ ሙሉ ስልኩን የነካ ሰው አላየሁም። ከዚያ አንድ የ8ኛ ክፍል ሂሳብ መምህር፣ ኩሩ ሰው ነው፣ እጁን አውጥቶ "ካርቶኑን ከየት አመጣሽው?" አላት። ሰው ሳቀ። ጥያቄው ግን የምር ነበር፣ ከሱቅ በነፃ እንደሚገኝ ስትነግረው ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ክፍልፋዩን ያሳየው ደግሞ ሁለት እንጀራ ይዞ የመጣ መምህር ነው። አንዱን ለአራት ሰው ቆረሰ፣ አንዱን ለስምንት። "የቱ ጋ ብትቀመጡ ትጠግባላችሁ?" አለ፣ በቃ። እኛ አዋቂዎቹ እንኳ ከአራቱ ጋር ነው የተሻማነው።

አሁን "ሠራተኞች" ያልሽውን ቃል ልያዝብሽ። የተጻፈልሽ ደብዳቤ ሠራተኞች ካለ መምህራን ብቻ አትጥሪ። ጥበቃውን፣ ጸሐፊዋን፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ጨምሪ። እኔ በሁለተኛው ጉባኤ የጨመርኳቸው በይሉኝታ ነበር፣ ምሳ ላይ ይምጡ ብዬ። ከሰዓት ስለ ማርፈድ ስንወያይ አንድ ጥበቃ ተነስቶ "በር ዝጋ ተብዬ የምመልሳቸው ልጆች እኮ ከብት አውጥተው የሚመጡት ናቸው፣ በየቀኑ እነዚያው ናቸው፣ ስማቸውን ልንገራችሁ" አለ። ዝም ጭጭ ሆነ። ቀጠለና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ፣ የሴቶቹ መጸዳጃ በር መቀርቀሪያ ስለሌለው ትልልቆቹ ሴቶች ከእረፍት በኋላ ወደ ቤታቸው እንደሚሄዱ ተናገረች። እኛ ለዚህ የተግባር ምርምር ስናስጽፍ ነበር! መቀርቀሪያው በሳምንቱ ተመታ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። አበል እንደሌለ በጥሪው ደብዳቤ ላይ ጻፊው። "ይታሰብበታል" የምትል ቃል እንዳትወጣሽ፣ ሰው እሷን ይዞ ይመጣና ተቀይሞ ይመለሳል። መስጠት የምትችዪው ሌላ ነገር አለ። በተሙማ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ማዕቀፉ አንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት የሙያ ማሻሻያ ሊኖረው ይገባል፣ አብዛኛው ደግሞ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ፖርትፎሊዮውን ከጎረቤት እየገለበጠ ነው የሚሞላው (እንተዋወቃለን መቼም)። ስለዚህ የዕለቱን ሰዓት የሚመሰክር ወረቀት ማኅተም አስመትተሽ እዚያው፣ ሳይበተኑ ስጫቸው። በኋላ እንልካለን ካልሽ አይደርስም።

ያለችሽን የድጎማ ብር ለባነር አታውጫት። ምሳና ቡና ላይ አውያት። ምሳው የጾም ይሁን፣ ቀኑ ጾም ባይሆንም። የጾም ያልኩሽ እንዲረክስ ብቻ አይደለም። ሥጋ ካለ የማን እርድ ነው የሚል ጣጣ ይመጣል፣ ሙስሊም ባልደረቦችሽ ጥግ ላይ ለብቻቸው ዳቦ በሻይ ይበላሉ። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ጎመን ካለ ሁሉም ከአንድ መሶብ ይበላል። ጠላ ምሳ ላይ አይቅረብ፣ ከሰዓቱ ይሞትብሻል። ቡናውን ግን አዳራሹ ውስጥ አስፈይው፣ ውጭ ከሆነ የወጣ አይመለስም።

ቀኑን ስትቆርጪ የቀን መቁጠሪያውን ከቄሱ ጋር ሆነሽ እይው፣ የምሬን ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፣ የገጠር መምህር ደግሞ ብዙው ማሳ አለው። ጥር ሰርግ ነው፣ ጥምቀት አለ፣ አስተርእዮ ማርያም አለች። እኔ የተሳካልኝ በሁለቱ ወሰነ ትምህርት መሃል ባለው እረፍት፣ ሁለቱም ጊዜ ሐሙስ ቀን ነው። ቅዳሜ እንዳትይ፣ ገበያ ነው፣ ሰው የሳምንቱን አስቤዛ ትቶ አይመጣም። ክረምት ሊገባ ሲል ወንዝ ማዶ ያሉትን አታስቢያቸው።

ለባለሥልጣኑ ደግሞ ቀድመሽ በአካል ሄደሽ በአክብሮት ንገሪያቸው፣ አለመጥራት አይቻልም። ንግግራቸውን ግን ጠዋት አታድርጊው። ልክ ከምሳ በፊት 10 ደቂቃ ስጫቸው። ወጥ እየሸተተ ረጅም የሚናገር ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ሕፃን የያዙ መምህራት ካሉ አንድ ክፍል ምንጣፍ አንጥፈሽ ልጅ የሚይዝ ሰው አስቀምጪ። እኔ በመጀመሪያው አላሰብኩትም፣ በሁለተኛው 7 እናቶች ናቸው የመጡት፣ ያቺ የካርቶን መምህርት ራሷ አንዷ ናት።

በዚህ ሰሞን ደግሞ የመንገዱን ነገር አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ስጋት ካለ ስድስቱን ባንድ ላይ ለመሰብሰብ ግድ አትበዪ። ሁለት ሁለት ጎረቤት ትምህርት ቤቶችን አጣምረሽ ሦስት ትንንሽ ቀን አድርጊው፣ ያቺኑ መምህርት ይዘሽ ዙሪ። ሪፖርት ላይ ቁጥሩ ያንሳል፣ ይነስ።

ባንድ ቀንም ይሁን በሦስት፣ 9 ሰዓት ላይ ይለቀቅ። የመዝጊያ ንግግር፣ የፎቶ ፕሮግራም፣ የአቋም መግለጫ እያልሽ እስከ 11 አታቆያቸው። ወደ ጮቄ ተራራ በኩል የሚወጡት መምህራን ከመሸ መኪና አያገኙም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት አራቱን ቤቴ አሳድሬያቸዋለሁ፣ ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።