ባሌ ስልክ ካላነሳ የሞተ ይመስለኛል ላልሽኝ እህቴ

መልእክትሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሌሎቹም እንዲገባቸው ባጭሩ ልንገራቸውና ወደ አንቺ እመለሳለሁ። ጠያቂያችን ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት ነች፣ ከ8 ወር ወዲህ ባሏ ከቤት በወጣ ቁጥር አደጋ የደረሰበት ይመስላታል፣ ስልክ ካላነሳ አስር አስራ አምስቴ ትደውላለች፣ ማታ ደግሞ እየተነሳች የልጇ ደረት ላይ እጇን አድርጋ ትተነፍሳለች ወይ ብላ ታያለች። ባልየው መጀመሪያ ያጽናናት ነበር፣ አሁን ሰልችቶት ስልኩን ሳይለንት ያደርጋል፣ «እየተቆጣጠርሽኝ ነው» ማለትም ጀምሯል። ጥያቄዋ እንዲህ ነው፣ «ይሄ ጸባዬ ነው በሽታ? ባለሙያ ጋ እንዳልሄድ ገና አላበድኩም፣ መቼ ነው የሚኬደው?»

እሺ እህቴ፣ መጀመሪያ ያቺን «ገና አላበድኩም» የምትለዋን እንተዋት። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ስራ የሚሰራ፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ ሲስቅ ብታዪው ምንም የሌለበት የሚመስልሽ ሰው ነው። በጭንቀት የሚመጣውማ በብዛት ከሚገባው በላይ ቆይቶ ነው የሚመጣው፣ ሁሉም ሰው እስኪብስበት ይጠብቃል መሰለኝ።

አሁን የስልኩን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። ትደውያለሽ፣ አንስቶ «አለሁ» ይልሻል፣ ደረትሽ ላይ የነበረው ነገር እፎይ ይላል። ራስሽ ነሽ የጻፍሽው፣ «ግማሽ ሰዓት አይቆይም» ብለሽ። ያቺ እፎይታ ነች ችግሩን የምትመግበው፣ ምክንያቱም ጭንቅላትሽ በተደወለ ቁጥር የሚማረው «ስለደወልኩ ነው በሰላም ያለው» የሚለውን ነው እንጂ ሳትደውዪም በሰላም ይውል እንደነበር የሚያይበት እድል አያገኝም፣ ስለዚህ ነገ ትንሽ ቀደም ብሎ ትንሽ ጠንከር አድርጎ ያስደውልሻል። የልጅሽ ደረት ላይ የምታደርጊው እጅም ያው ነው። ባልሽ መሰልቸቱን አልፈርድበትም፣ ግን ሳይነግርሽ ሳይለንት ማድረጉ እሳት ላይ ቤንዚን ነው፣ ሁሌ ማንሳቱም ቢሆን አያድንሽም። ህክምና እስክትጀምሪ፣ እሱ የሄደበት ሲደርስ አንድ ቴክስት፣ ሲወጣ አንድ ቴክስት ብላችሁ ተስማሙ፣ ከዚያ ውጪ በመሀል ስልክ የለም። ይከብድሻል፣ አውቃለሁ።

መቼ ነው የሚኬደው ላልሽው፣ መጨነቅ በራሱ በሽታ አይደለም፣ የሚወዱት ሰው ሲያመሽ ሁሉም ሰው ያስባል። እኛ የምናየው ምን ያህል እንደቆየ፣ ጭንቀቱን ተው ስትዪው ይተውሽ እንደሆነና ከኑሮሽ ምን እንደወሰደብሽ ነው። ስለ ብዙ ነገር የሚሆን አጠቃላይ የጭንቀት ህመም ለመባል ቢያንስ ለ6 ወር አብዛኛውን ቀን መጨነቅ፣ ከሱም ጋር እንደ እንቅልፍ ማጣት፣ ድካም፣ ብስጭት፣ የጡንቻ መወጠር አይነት ምልክቶች ይታያሉ። አንቺ አንገትሽ እንደ እንጨት ሆኗል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ትነቂያለሽ፣ 8 ወር ሆኖሻል። ያ 6 ወር ግን መመርመሪያ እንጂ መጠበቂያ አይደለም፣ ሰው በ2 ወሩም መምጣት ይችላል።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የነገረኝ ቸኩለሽ ያለፍሻት አንዷ መስመር ነች፣ «እድገት ሰጥተውኝ ነበር ፊልድ ስላለው ተውኩት» ያልሽው። ፍርሃቱ የት እንደምትሰሪ መወሰን ጀምሯል ማለት ነው፣ እኔ ብሆን ለዚህ ብቻ ቀጠሮ እይዝ ነበር።

ከፈለግሽ ጂኤዲ-7 የሚባል አጭር የጭንቀት መጠይቅ አለ፣ ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚጠይቁ 7 ጥያቄዎች ናቸው፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ትሰጫለሽ፣ ከ21 ውስጥ 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ በደንብ መታየት አለበት ይባላል። 8 መጣልኝ ብለሽ ግን እንዳትቀሪ።

ስትሄጂ አጠቃላይ ሃኪምም ይይሽ፣ የታይሮይድ እጢ ከመጠን በላይ ሲሰራ ልብ ያስመታል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ከጭንቀት ጋር ቁጭ አንድ ነው የሚመስለው፣ ብዙ ካፌይንም እንደዚያው። ከዚያ ሳይኮሎጂስት ጋ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚባለውን፣ አስተሳሰብንና ልማድን እየቀየሩ የሚሄዱበትን የንግግር ህክምና ትጀምሪያለሽ፣ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ እየተገናኙ ከ12 እስከ 16 ጊዜ የሚሆን ነው። የቤት ስራ አለው፣ ለምሳሌ መደወል ሲያምርሽ 10 ደቂቃ ታቆይዋለሽ፣ ምን ይሆናል ብለሽ እንደፈራሽ ትጽፊያለሽ፣ በኋላ ምን እንደሆነ አጠገቡ ትጽፊያለሽ፣ ቀጥሎ 20 ደቂቃ። እኔ ስራ ስጀምር ለሁሉም ሰው «በረጅሙ ተንፍሱ» እል ነበር፣ አሁን ቀንሻለሁ፣ ለአንዳንዱ ሰው ትንፋሹም እንደ ስልኩ ሌላ መሸሻ ይሆንበታል። መድሃኒት ካስፈለገ ሳይካትሪስት፣ ማለትም የአእምሮ ሃኪም ያዝልሻል፣ ለጭንቀት በብዛት የሚታዘዙት ለመስራት የተወሰኑ ሳምንታት ይፈልጋሉ። ጓደኛዬ ሰጠችኝ ያልሽውን ማረጋጊያ ኪኒን ግን ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ልዋጠው እንዳትዪ፣ ከነሱ ውስጥ ሱስ የሚያስይዙ አሉ፣ የለመደ ሰው ደግሞ ባንዴ ሲያቆማቸው አደገኛ ነው።

ቀጠሮ የማይጠበቅበትም አለ። ባልኖርኩ የሚል ሃሳብ ከመጣብሽ፣ ራስሽን ለመጉዳት ካሰብሽ፣ ለመተኛት መጠጥ ከጀመርሽ በዚያው ቀን ለሰው ተናገሪና ሂጂ። አዲስ የደረት ህመም ከሆነም ጭንቀቴ ነው ብለሽ ራስሽ አትፍረጂ፣ ድንገተኛ ክፍል ይዩት።

ሁለት ነገር ሳትነግሪኝ ቀርተሻል፣ የልጅሽን እድሜና ከ8 ወር በፊት የተፈጠረ ነገር ይኑር አይኑር። ገና ጨቅላ ከሆነች ከወሊድ ጋር የሚመጣ ጭንቀት አለ፣ ሃዘን ወይ አደጋ ነበረ ከሆነም ህክምናው ሌላ መንገድ ሊይዝ ይችላል፣ ሁለቱንም ለባለሙያው ንገሪው።

ባልሽን ደግሞ ሳትጣሉ በዋላችሁበት ቀን «ስደውልልህ ሳላምንህ ቀርቼ አይደለም፣ ጭንቅላቴ ሞተሃል እያለኝ ነው» በይው፣ አንድ ቀን ባለሙያው ጋ አብሮሽ እንዲገባም ጠይቂው። ቀጠሮ ስትይዢ ምን እንደምትዪ ከጨነቀሽ «8 ወር ሆኖኛል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ የስራ እድገት ትቼበታለሁ» ብለሽ ጀምሪ፣ የቀረውን እነሱ ይጠይቁሻል።