«ፒክት አፕ ሂም» ለምን አይባልም? ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ላላነበበው ባጭሩ ልድገመው፦ ሥራ ቦታ በእንግሊዝኛ «አነሳሁት» ለማለት «አይ ፒክት አፕ ሂም» ስትዪ «ፒክት ሂም አፕ» በይ ብለው አረሙሽ። እሱን ይዘሽ በሌላ ቀን «ተመለከትኩት» ለማለት «አይ ሉክት ሂም አት» ብትዪ ደግሞ «ሉክት አት ሂም ነው» አሉሽ። በዚያ ላይ እነሱ ሲናገሩ «ሂም» እና «ኸር» የሚባሉት ቃላት ጭራሽ አይሰሙሽም። «ይሄ ቋንቋ ደንብ የለውም ወይ?» ብለሽ ነው የጠየቅሽው። አለው፣ ያውም ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የሚቀርብ።

እኔ እዚህ ቨርጂኒያ ታማሚዎችን ከቤታቸው ወደ ዲያሊስስ (የኩላሊት እጥበት) የሚያመላልስ መኪና ለዓመታት ነድቻለሁ። የሥራው ወሬ ከጠዋት እስከ ማታ አንቺ የጠየቅሽው ነገር ነው፦ ማንን አነሳህ፣ ማንን አወረድክ፣ ማንን ጠበቅክ፣ ለማን ደወልክ። ያለፈ ጊዜ ግሥ፣ ተውላጠ ስም (እንደ «ሂም» እና «ኸር»)፣ ከዚያ አንዲት ትንሽ ቃል።

መጀመሪያ ቦታውን እንይ። ከግሡ ጋር የሚመጡት «አፕ፣ ኦፍ፣ አት፣ ፎር» አንድ ዓይነት ይምሰሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። «አፕ» በ«ፒክት አፕ» ውስጥ የግሡ አካል ነው፤ «ፒክ» ብቻውን መምረጥ ወይም መልቀም ሲሆን ከ«አፕ» ጋር ሲሆን ማንሳት፣ ሄዶ ማምጣት ይሆናል። «አት» ግን የግሡ ሳይሆን የሰውየው ናት፤ ከሚታየው ሰው ወይም ነገር ፊት ትቆማለች እንጂ አትለየውም። ለመለየት በተውላጠ ስሙ ፈንታ ስም አስገቢና ሞክሪው። «ፒክት አፕ ዘ ቻይልድ» ይባላል፣ «ፒክት ዘ ቻይልድ አፕ»ም ይባላል። ሁለቱም ካስኬደ፣ ተውላጠ ስም ሲሆን የግድ መሃል ይገባል፦ «ፒክት ሂም አፕ»፣ «ድሮፕት ኸር ኦፍ» (አወረድኳት)፣ «ተርንድ ኢት ኦፍ» (አጠፋሁት)፣ «ኮልድ ሂም ባክ»። «ሉክት ዘ ቻይልድ አት» ግን ማንም አይልም። ስለዚህ ተውላጠ ስሙም መጨረሻ ይሆናል፦ «ሉክት አት ሂም»፣ «ዌይትድ ፎር ኸር»፣ «ራን ኢንቱ ሂም» (ድንገት አገኘሁት)።

በጆሮም ይለያል። «ፒክት ሂም አፕ» ሲሉ ድምፁ «አፕ» ላይ ይበረታል። «ሉክት አት ሂም» ሲሉ ግን የሚበረታው «ሉክት» ነው፣ «አት» ትዋጣለች። ይህን ካስተዋልሽ በኋላ መጽሐፍ ሳትገልጪ ከሰዎች አፍ ትለዪዋለሽ።

አሁን ወደምወደው ክፍል። እንግሊዝኛ ሦስት ቃል አድርጎ የሚበትነውን አማርኛ አንድ ቃል አድርጎ ይሰፋዋል። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» የሚሉትን ተመልከቺ። ግሡ ያው ነው፣ ሰውየውም ያው ነው፤ መሃል የገባችው «ለ» ወይም «በ» ናት ጉዳዩን የገለበጠችው። ያለፈ ጊዜ ግሥ፣ መስተዋድድ፣ ተውላጠ ስም፦ ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ። ስለዚህ ይህን ነገር ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ።

አንዳንዴ ደግሞ ልክክ ብሎ ይገጥማል። ሰው እያወራሽው ስልኩን ጆሮሽ ላይ ቢዘጋው «ዘጋብኝ» ትያለሽ። እንግሊዝኛው «ሂ ሀንግ አፕ ኦን ሚ» ነው። ያቺ «ኦን ሚ» የእኛዋ «ብኝ» ናት፤ ድርጊቱ እኔን ጎዳኝ፣ በእኔ ላይ ደረሰ ማለት። ስልክሽ መንገድ ላይ ባትሪ ጨርሶ ቢጠፋብሽ «ማይ ፎን ዳይድ ኦን ሚ» ይባላል። ዝናብ ሲመታን «ኢት ሬይንድ ኦን አስ»፣ ዘነበብን። በጎ ሲሆን ደግሞ «ፎር» ትመጣለች፦ «ሺ ኦፕንድ ኢት ፎር ሚ»፣ ከፈተችልኝ። ሁሌ ግን አይገጥምም። «ቁልፉ ጠፋብኝ» ለማለት «ኢት ሎስት ኦን ሚ» የለም፤ «አይ ሎስት ኢት» ነው፣ ጥፋቱ ወደ ራስሽ ይዞራል።

አብዛኞቻችንን የሚጥለን እዚህ ጋ ነው፤ «ለ» እና «በ» በአማርኛው ስላሉ በእንግሊዝኛውም ያሉ፣ በአማርኛው ስለሌሉ በእንግሊዝኛውም የሌሉ ይመስለናል። «ጠበቅኳት» ውስጥ ምንም መስተዋድድ የለም፣ እንግሊዝኛው ግን «ዌይትድ ፎር ኸር» ይላል። «አዳመጥኩት» ውስጥም የለም፣ «ሊስንድ ቱ ሂም» ግን አለው። «ደወልኩለት» እና «መለስኩለት» ውስጥ «ለ» አለች፤ «ኮልድ ሂም»፣ «አንሰርድ ሂም» ሲባል ግን ምንም የለም። «ከእሷ ጋር ተጋባ» ስለምንል «ሜሪድ ዊዝ ኸር» ማለት ይቀናናል፤ «ሜሪድ ኸር» ነው። «ነገረኝ» እና «አለኝ» ለእኛ እኩል ናቸው፣ እዚያ ግን «ቶልድ ሚ» ያለ «ቱ»፣ «ሴድ ቱ ሚ» ከ«ቱ» ጋር። «አስረዳኝ» ደግሞ «ኤክስፕሌይንድ ኢት ቱ ሚ» እንጂ «ኤክስፕሌይንድ ሚ» አይደለም። ይህን በቃልሽ እንደ መዝሙር ከማነብነብ ይልቅ፣ አዲስ ግሥ ስትይዢ ብቻውን አትያዢው። «ዌይት» ብለሽ ደብተር ላይ አትጻፊ፤ «ዌይትድ ፎር ኸር» ብለሽ ሙሉውን ጻፊ። ባለፈ ጊዜ፣ ከነተውላጠ ስሙ፣ እኛ «ጠበቅኳት» እንደምንለው አንድ ቃል አድርገሽ።

«ኢድ» የምትባለዋ ያለፈ ጊዜ ምልክት ነገርም አለ። እንደ ፊደሏ «ድ» እያልን ሁሉም ላይ እንለጥፋታለን። ድምፅዋ ግን ከፊቷ ያለውን ትከተላለች። ከ«ክ፣ ፕ፣ ስ፣ ሽ፣ ች፣ ፍ» በኋላ «ት» ናት፦ ፒክት፣ ድሮፕት፣ ዎሽት። ከ«ት» እና «ድ» በኋላ «ኢድ» ሆና ትሰማለች፦ ዌይትድ፣ ኒድድ። በቀረው «ድ»፦ ኮልድ፣ ኦፕንድ። ይህ ከመስማት ጥያቄሽ ጋር ይያያዛል፣ ምክንያቱም እነሱ በፍጥነት ሲያወሩ ያለፈ ጊዜ መሆኑን የምትነግርሽ ያቺ ድምፅ ብቻ ናት።

«ሂም» እና «ኸር» የት ገቡ? «ሀ» ድምፃቸው ይወድቅና ከፊት ባለው ቃል ላይ ይሳፈራሉ። የስምሪት ክፍሉ ሴትዮ በሬዲዮ «ዲድ ዩ ፒከራፕ?» ስትል «ፒክ ኸር አፕ» ማለቷ ነው። መልሱ «የስ፣ አይ ፒክተራፕ»። ልዩነቱን አየሽው? ጥያቄው ላይ «ዲድ» ያለፈ ጊዜነቱን ስለወሰደች «ት» የለችም፤ መልሱ ላይ ግን «ት» መጥታ ከ«ኧር» ጋር ተጣበቀች። «ቶልድ ሂም» «ቶልዲም» ይሆናል፣ «ጌቭ ሂም» «ጌቪም»። አሜሪካኖች በሁለት አናባቢ መሃል የምትገባዋን «ት» ስለሚያለሰልሷት «ሌት ሂም ኢን» «ሌዲሚን»፣ «ፑት ኢት ኦን» «ፑዲዶን» ሆኖ ይሰማል። «ፑት»፣ «ከት»፣ «ሌት»፣ «ሸት» ባለፈ ጊዜ መልካቸውን አይቀይሩም፤ «ሺ ፑት ኢት ኦን» ያለፈ መሆኑ የሚታወቀው «ስ» ስለሌላት ነው።

«ኧም» የምትሰሚው ደግሞ «ዘም» ነው፤ «አይ ቶልደም» ማለት ነገርኳቸው። የሚገርመው፣ «ኧም» ከ«ዘም» ተቆርጣ የመጣች አይደለችም። «ዘም» ከስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ ከመግባቷ በፊት እንግሊዞች «ሄም» ነበር የሚሉት፤ ያቺ አሮጌ ቃል ናት «ሀ»ዋን ጥላ እስከ ዛሬ በአፍ የቀረችው።

አንቺ እንደዚህ አጣብቀሽ መናገር አይጠበቅብሽም። «ፒክት ኸር አፕ» ብለሽ «ሀ»ውን ብታሰሚ ማንም አይታዘብሽም፤ ለመስማት ግን ማወቅ አለብሽ። ዓረፍተ ነገር ሲጀምር («ሂ ቶልድ ሚ») ወይም ሰውየውን ለይቶ ለማጉላት ሲፈለግ («ለእሷ ሳይሆን ለእሱ ነው የነገርኩት») «ሀ»ው ተመልሶ ይመጣል።

ሪፖርት የምትሞዪ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ሙሉ አድርገሽ ጻፊ፣ «ኧም» አይጻፍም። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በስም ጀምሪ፣ «ኸር» እና «ሂም» ከዚያ በኋላ ይምጡ። አንድ ጉዞ ላይ ሁለት ሴቶች ካሉ ግን ሁለቱንም በየስማቸው፤ የትኛዋ «ኸር» እንደሆነች የሚያነበው ሰው አያውቅም።