ወንዙ የሚታጠፍበት አገር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የኒጀርን ወንዝ በጠመኔ ስስል ኖሬ እኔ ራሴ ከአገር ወጥቼ አላውቅም። በጡረታ ገንዘብ ደግሞ የትም አይኬድም። ልጄ በምግብ፣ በመጽሐፍና በሙዚቃ ከቤት ሆኖ ዓለምን መዞር ይቻላል ትለኛለች። እውነት ነው? ከሆነስ ከየት ልጀምር?
መምህሩ፣ ከደሴ

መልስ፦ ልጅዎ ግማሹን ልክ ናት መምህር። መዞሩን ግን ይተዉት። ዛሬ ጣሊያን፣ ነገ ጃፓን፣ ከነገ ወዲያ ሜክሲኮ እያሉ በየሳምንቱ አገር የሚቀያይሩ አሉ፤ መጨረሻ ላይ እጃቸው ላይ የሚቀረው የሳህን ፎቶ ነው። አንድ አገር ይምረጡና እዚያው ይክረሙ። ኒጀርን ሲስሉ ከኖሩ ደግሞ ምርጫው ያለቀለት ነው። ወንዙ ወደ ሰሜን ወጥቶ በረሃውን ከነካ በኋላ የሚታጠፍበት አገር፣ ማሊ።

ከማጀት ይጀምሩ። ቲጋዴጌና የሚሉት የለውዝ ወጥ አላቸው፤ ሴኔጋል ውስጥ ማፌ ይባላል። ዕቃው ሁሉ ደሴ ገበያ አለ፦ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ የቲማቲም ድልህ፣ ቃሪያ፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ለውዝ። የሱቅ የለውዝ ቅቤ የሚገዙ ከሆነ ስኳር የሌለበትን ይፈልጉ፣ አለዚያ ወጡ ከረሜላ ይሆንብዎታል። እኔን ከጠየቁኝ የባቢሌን ለውዝ ቆልቶ፣ አሽቶ፣ ዘይቱ እስኪወጣ መፍጨት ይሻላል። ሽንኩርቱን አቁላልተው ሥጋውን፣ ከዚያ ቲማቲሙንና ድልሁን፣ ቀጥሎ ውኃውን ይጨምራሉ። የተፈጨውን ለውዝ ለብቻው በሙቅ ውኃ በጥብጠው ነው የሚያስገቡት፣ እንዲያው ከጨመሩት ይጓጉላል። አትክልቱም በዚሁ ይግባ። እሳቱን ቀነስ አድርጉና ቶሎ ቶሎ ያማስሉ፣ ለውዝ ከሥር ማረር ይወዳል። ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ደርሷል፣ ይህን መቼም ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። የሚበላው በሩዝ ነው። በእንጀራ ቢበሉትም የሚከስዎት የለም፣ ብቻ የመጀመሪያው ቀን በሩዝ ይሁን።

መጽሐፉ የጥንቱ የማሊ ንጉሥ የሱንዲያታ ታሪክ ነው። ጊኒያዊው የታሪክ ሰው ጅብሪል ታምሲር ኒያኔ ከአንድ ግሪዮ አፍ ሰምቶ በ1960 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ አሳተመው፣ በእንግሊዝኛም ተተርጉሟል። ትንሽ መጽሐፍ ነው፣ አያደክምም። ግሪዮ የእኛን አዝማሪ ይመስላል፣ ሥራው ግን ሰፋ ይላል፤ የነገሥታትን የዘር ሐረግ ይቆጥራል፣ ያስታርቃል፣ ይመክራል፣ ሙያውም በዘር የሚወረስ ነው። ሱንዲያታ በልጅነቱ መራመድ አይችልም ነበር። እናቱ ሶጎሎን ለወጥ የሚሆን የባኦባብ ቅጠል ከጣውንቷ ብትለምን፣ ጣውንቷ በልጇ እግር አላግጣ አዋረደቻት። በዚያው ቀን ልጁ የብረት ዘንግ ተደግፎ ቆመ፣ ሄደና ዛፉን ከነሥሩ ነቅሎ እናቱ ደጃፍ ጣለላት። ከዚያ ስደት አለ፣ መመለስ አለ፣ በ1235 እ.ኤ.አ. ገደማ ኪሪና ላይ በሶሶው ንጉሥ በሱማኦሮ ላይ የተገኘው ድል አለ፣ የማሊም ንጉሣዊ ግዛት ይመሠረታል። ይኼ ሁሉ የተነሳው ከማጀት ጸብ ነው እንግዲህ! የባኦባብ ቅጠል ዛሬም እዚያ አገር ወጥ ይሠራበታል።

ይህን ካነበቡ በኋላ ሳሊፍ ኬይታን ይስሙ። በ1949 እ.ኤ.አ. የተወለደ ዘፋኝ ነው፣ ኬይታ ደግሞ የሱንዲያታ ቤተሰብ ስም ነው። በእነሱ ወግ መዝፈን የግሪዮ እንጂ የመሳፍንት ልጅ ሥራ አይደለም። ሰውየው ግን ዘፈነ፣ ዘመድ ተቆጣ። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ጥሩ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፣ እርስዎ ድፍረቱንም ይሰማሉ።

ሌላው አሊ ፋርካ ቱሬ ነው (1939–2006 እ.ኤ.አ.)። ኒያፉንኬ በምትባል የኒጀር ዳር ከተማ የኖረ፣ ዝናው ዓለምን ከዞረ በኋላም ወደ እርሻው የተመለሰ፣ መጨረሻ ላይ የከተማዋ ከንቲባ የሆነ ጊታር ተጫዋች። ከቱማኒ ጃባቴ ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጡትን አልበም ልጅዎ ከዩቲዩብ ትፈልግልዎ። ቱማኒ ይጫወተው የነበረው ኮራ 21 ክር አለው፣ የእኛ በገና 10 ነው። የግማሽ ቅል ሆድ፣ የላም ቆዳ የተወጠረበት። ከወጡ ጋር አብረው አይክፈቱት ግን፣ የሚያርር ድስት እያማሰሉ ኮራ መስማት አይሆንም።

የሚከፍቱት ለሻይ ነው። ከሰል ላይ በትንሽ ማንቆርቆሪያ የቻይና አረንጓዴ ሻይ ያፈላሉ፣ አረፋ እንዲሠራ ከላይ ከፍ አድርገው እየቀዱ፣ በዚያው ቅጠል ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያው እንደ ሞት መራራ፣ ሁለተኛው እንደ ሕይወት ለስላሳ፣ ሦስተኛው እንደ ፍቅር ጣፋጭ ነው ይላሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚል ሰው ይኼ አይገርመውም። የሚገርመው የእኛ በረካ እየቀጠነ ሲመጣ የእነሱ ሦስተኛ ስኳሩ እየጨመረ መሄዱ ነው።

ዜናውንም ይከታተሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. ሰሜኑን የያዙ ታጣቂዎች ሙዚቃ ከልክለው ነበር፣ የቲምቡክቱ ሰዎችም ጥንታዊ የእጅ ጽሑፍ መጻሕፍታቸውን ደብቀው ወደ ዋና ከተማው ባማኮ ያሸሹት ያኔ ነው።

እውነት ነው ወይ ላሉኝ፦ አይ፣ መሄድን አይተካም። ግን ሁለት ቀን ባማኮ ሆቴል አድሮ ከተመለሰ ሰው ጋር ቢቀመጡ ወሬው የእርስዎ እንደሚሆን እወራረዳለሁ።

ጥያቄ፦ የውጭ አገር ምግብ ሁሉ ሥጋ ሥጋ ነው። ጾመኛ ምን ይብላ?
ከጎንደር

መልስ፦ ከላይ ካለው ወጥ ሥጋውን ያውጡት፣ አለቀ። በምትኩ ስኳር ድንች፣ ካሮትና ባሚያ ይግባ። ለውዙ ራሱ ስብ ስላለው ወጡ አይቀጥንም።

ጥያቄ፦ ቋንቋው ካልገባኝ ዘፈኑ ምን ያደርግልኛል?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የሂንዲ ፊልም ዘፈን በቃሉ እየዘፈነ ያደገ ሕዝብ ይህን ይጠይቃል? የሰሜን ማሊ ሙዚቃ ደግሞ ብዙው እንደ እኛ ቅኝት በአምስት ድምፅ የሚሄድ ነው፣ ትዝታ የለመደ ጆሮ አይቸገርም።

ጥያቄ፦ ሪያድ በሰው ቤት እሠራለሁ። ወጥ ቤቱ የእኔ አይደለም፣ መጽሐፍም የለኝም፣ ያለኝ ስልክና ማዳመጫ ነው። እኔስ?
ከሪያድ

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ እኮ ሩቅ አገር ነሽ። የሳዑዲውን ምግብ ካብሳን ከእኛ ሁሉ አብልጠሽ ሳታውቂው አትቀሪም። የረሳሽው ግን አብረውሽ ያሉትን ነው። በዚያ ቤት ወይም በጎረቤት የምትሠራ ፊሊፒናዊት ካለች፣ አዶቦ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቂያት። ዶሮ፣ ኮምጣጤ፣ የአኩሪ አተር ሶስ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬና የበይ ቅጠል ነው፣ በአንድ ድስት ይሠራል፣ እመቤቲቱም ሩዝ ላይ ስታየው የምትጠላው አይመስለኝም። ኮምጣጤው እስኪፈላ አታማስዪው ትልሻለች፣ ስሚያት፣ ካማሰልሽው ጥሬ ጥሬ ይላል። እዚያው ቆማችሁ አገሯ ሳለች ምን ትሰማ እንደነበር ጠይቂያት፣ አንዱን ማዳመጫ ለሷ ስጫትና የምትወደውን ራሷ ትክፈተው። በሚቀጥለው ተራው ያንቺ ነው፣ ሽሮውን ከአገር ቤት አስልኪ።